ሚዛን በስንት ቀን ይለካል?

«ሚዛን ጠብቅ» የሚሉኝን ሰዎች መልሼ የምጠይቃቸው ጥያቄ አለኝ፤ በስንት ቀን ውስጥ? ሥራ፣ ትምህርት፣ ስፖርት፣ ቤተሰብ፣ ጸሎት፣ የወደዱትን መብላት፤ ይህ ሁሉ በየቀኑ እኩል እንዲደርሰው የሚፈልግ ሰው ማታ ማታ የሚተኛው አንድ ነገር እንደጎደለበት ነው። ያው ኑሮ በሳምንት፣ በወቅት፣ አልፎም በዓመት ሲታይ ግን ሌላ መልክ አለው። የምኖረው ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ነው፤ ተወልጄ ያደግሁት ከዚያ ወዲያ አምባሰል፣ ከውጫሌ ራቅ ብሎ ባለ ገጠር ነው። በሁለቱም አገር ኑሮውን በቀን እየመተረ የሚኖር ሰው አላየሁም። ያየሁት ሁሉ በተራ ነው የሚኖረው፤ የመጾም ተራ አለ፣ የመብላት ተራ አለ፣ የእርሻ ተራ አለ፣ ቁጭ ብሎ ቡና የመጠጣት ተራ አለ።

እኔ ጤና መኮንን ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጤና ጣቢያ በሽተኛ አያለሁ፤ ተረኛ ስሆን ሌሊቱም የሥራ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ደሴ በሚኒባስ ወጥቼ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን እከታተላለሁ። ጧት ጧት ሲመቸኝ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ከከተማው ወደ ሐይቁ ውኃ በሚወስደው መንገድ እሮጣለሁ።

መብልም እወዳለሁ። በተለይ ቅዳሜ ከደሴ ስመለስ የሚጠበስልኝን ዓሣ። ቆሮሶው ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ፣ ጨው ነክቶት፣ የፈላ ዘይት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ይንጫጫል፤ ጫጫታው ረገብ ሲል ደርሷል ማለት ነው። ሎሚ ይጨመቅበታል፣ ሚጥሚጣው በጎን ይቀመጣል፣ ከዚያ ሥጋውን ከአከርካሪው ላይ በጣት እየላጡ መብላት ነው፤ ጅራቱ ሳይቀር ይኮረሸማል። አብሮኝ የሚቀርበው ሙስሊም ጓደኛዬ ነው። ወሎ ውስጥ ሥጋ ሲሆን ለየእምነቱ ለየብቻ ይታረዳል፤ ለሠርግም ለሐዘንም ሁለት ድስት ይጣዳል። ዓሣ ግን የማን ቢላዋ አረደው ተብሎ አይጠየቅም፤ ከአንድ ትሪ እንበላለን። ቆሮሶው ራሱ ለዚህ ውኃ እንግዳ ነው፤ ወደ ሐይቁ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ያቀኑት አባ ኢየሱስ ሞዐ ይህን ጣዕም አላወቁትም።

ረቡዕና ዓርብ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ሐይቅ ላይ አያልቅም። የንስሐ አባቴ አይበላም ይላሉ፤ እኔም አልበላም። ስለዚህ ቅዳሜ የምበላው ዓሣ ዓርብ ያልበላሁትም ጭምር ነው። ዓርብ ባይኖር ቅዳሜ ያን ያህል አይጣፍጥም ማለቴ ብቻ አይደለም። ዓርብም ያለ ቅዳሜ ጾም አይሆንም፤ መራብ ብቻ ይሆናል። መራብ ምን እንደሆነ ደግሞ የወሎ ሰው ያውቃል።

ሙያዬም ያስተማረኝ ይህንኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ነው፤ ልኩ የተቀመጠው ግን በሳምንት እንጂ በቀን አይደለም። ስኳር ያለበት ሰው ሲመጣ ደግሞ ጣቱን ወግተን የምናየው ቁጥር የዚያችን ሰዓት ብቻ ይነግረናል፤ ትናንት ማታ ሠርግ ከነበረ ሠርጉን ያሳያል። እውነተኛውን ታሪክ ማወቅ ስንፈልግ ኤችቢኤዋንሲ የሚባለውን ምርመራ እናዛለን። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ይኖራል፤ በዚያ ዕድሜው ውስጥ በደም የሚያልፈው ስኳር እየተጣበቀበት ይሄዳል፤ ምርመራውም ያለፉትን ሦስት ወራት ያህል አማካይ ይሰጠናል። ደም እንኳ የሚፈርድብን በአንድ ቀን ገበታ አይደለም። ይህን ለታማሚዎች ስነግር ፊታቸው ላይ እፎይታ አያለሁ፤ አንዳንዱ ደግሞ ይደነግጣል፤ ምክንያቱም ለቀጠሮው ሲል ሁለት ቀን ተጠንቅቆ የመጣ ሰው ሦስት ወሩን መደበቅ አይችልም።

አሁን አሁን ወጣቶቹ የበሉትን ካሎሪና የሮጡትን ኪሎ ሜትር ስልካቸው ላይ ይመዘግባሉ። መንቀሳቀሳቸው ደስ ይለኛል፤ እመክራለሁም። የሚያሳዝነኝ አነጋገራቸው ነው። «ትናንት ክትፎ በላሁ፤ ዛሬ ላቃጥለው» ይላሉ። መብሉ ዕዳ ሆነ፣ ሩጫው ክፍያ። በዚህ ሒሳብ ሁለቱም ይበላሻሉ። ክትፎውን ሲበላ ነገ የሚከፍለውን የሚያስብ ሰው አብሮት የተቀመጠውን ወንድሙን አላየውም፤ ሲሮጥ ደግሞ የሚወጣውን የጧት ብርሃን አያየውም፤ ቅጣቱን እየፈጸመ ነው። እኔ የምሮጠው ሰውነቴ የተሰጠኝ አደራ ስለሆነ ነው፤ የምበላውም በዚያው ምክንያት ነው። አደራ የተሰጠው ሰው ዕቃውን ይጠብቀዋል፣ ይጠቀምበታል፣ ሲጠየቅም ያስረክባል።

በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ፤ መጋቢት 2 ሰኞ። ሐይቅ ላይ የዚያን ሰሞን ቀን ቀን የሚበላ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ያኔ አንድ በዕድሜ የገፉ የስኳር ታማሚ መጡ፤ መርፌ የሚወስዱ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ ቢውሉ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። «አባባ፣ ዘንድሮ ባይጾሙ» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ በልጅነቴ የጀመርኩትን እኮ ነው። ሰው ሁሉ ሲጾም እኔ ብቻዬን ምሳ ልበላ?» አሉኝ። ያስጨነቃቸው ረሃቡ አልነበረም፤ ከተራው መውጣታቸው ነበር። ይህን የሕክምና መጽሐፍ አልነገረኝም፤ የገባኝ ከአነጋገራቸው ነው።

ልጃቸው የሠፈራቸውን ሸህ ይዞ መጣ። ሸሁ ከጎናቸው ተቀመጡና እጃቸውን ያዙ። «የታመመ አይጹም ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ይኸ ሐኪምም አይደለም፤ አላህ ነው። ፈቃዱን ትተው በራስዎ ላይ ቢያከብዱ ማንን ሊያስደስቱ ነው?» አሏቸው። ደዌያቸው የማይድን ስለሆነ በእያንዳንዱ ቀን ፈንታ አንድ ምስኪን ያበላሉ። ሽማግሌው ትንሽ ዝም አሉና ማንን እንደሚያበሉ መቁጠር ጀመሩ፤ ጎረቤት ያለች ባሏ የሞተባት ሴት፣ መስጊድ የሚያድሩ ደረሶች። ጭንቀቱ ከፊታቸው ሲጠፋ አየሁት። የእርሳቸው ረመዳን ሌላ ሰው የሚጠግብበት ወር ሆነ።

ሸሁ ከመሄዳቸው በፊት የነቢዩን ባልደረቦች የሰልማንንና የአቡደርዳእን ነገር አጫወቱን። አቡደርዳእ ቀን የሚጾም ሌሊት የሚሰግድ ሰው ነበር፤ ሰልማን ሊጠይቀው ሄዶ ሚስቱን ያገኛታል፤ ባሏ ለዱንያ ነገር ግድ እንደሌለው ከሁኔታዋና ከነገረችው ይረዳል። ከዚያ ምግብ ሲቀርብ አብረኸኝ ካልበላህ አልበላም ይለዋል፤ ሌሊት ሲነሣ ተኛ ይለዋል፤ ሊነጋጋ ሲል አስነሥቶት አብረው ይሰግዳሉ። ጌታህ ሐቅ አለው፣ ነፍስህ ሐቅ አላት፣ ቤተሰብህ ሐቅ አለው፤ ለሁሉም ድርሻውን ስጥ ማለቱ ነበር። ነቢዩም ሰልማን እውነቱን ነው አሉ። ሸሁ ይህን ሲናገሩ እኔ በልጅነቴ የሰማሁትን የአባ እንጦንስን ታሪክ አስታወስኩ። አባ እንጦንስ በበረሃ ሐሳብ ሲያስጨንቃቸው ምን ላድርግ ብለው ፈጣሪን ይጠይቃሉ፤ እርሳቸውን የሚመስል ሰው ያያሉ፤ ተቀምጦ ገመድ ይታታል፣ ተነሥቶ ይጸልያል፣ መልሶ ይቀመጥና ይታታል። መልአክ ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ ልቤን የሚይዘው መልአኩ እየታታ አለመጸለዩ፣ እየጸለየም አለመታታቱ ነው። ሥራው ላይ ሲቀመጥ ሙሉ በሙሉ ተቀመጠ፤ ሲነሣም ሙሉ በሙሉ ተነሣ። ደሴ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ስልኬ ላይ የጤና ጣቢያውን መልእክት የማላይበት ምክንያት ይህ ነው።

ጾምን በሌላ ዓይን የሚያዩ አሉ፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። ደራሲው ማን እንደሆነ ዛሬም ምሁራንን የሚያከራክረው «ሐተታ ዘርአ ያዕቆብ» የሰው ተፈጥሮ ምግብ ይፈልጋልና ጾምን በሕግ ማዘዝ ከፈጣሪ ሥርዓት ጋር አይሄድም ይላል፤ በክርስቲያኑም በእስላሙም ጾም ላይ ነው የሚናገረው። በአንድ በኩል እቀበለዋለሁ። ሕጉ የታመመውን፣ እርጉዟን፣ ደካማውን የማያይ ቢሆን ኖሮ ጭካኔ ይሆን ነበር። ግን በሁለቱም እምነት ለእነዚህ በር ተከፍቶላቸዋል፤ በሩን የሚዘጋው ብዙ ጊዜ ሕጉ አይደለም፣ የራሳችን እልህ ነው። ተፈጥሮን በተመለከተ ግን አልስማማም። ልብ ደም የሚሞላው ሲኮማተር አይደለም፣ ሲላላ ነው፤ በሕይወት ዘመናችን ሁሉ አንድ ጊዜ ይገፋል፣ አንድ ጊዜ ይቀበላል። ተፈጥሯችን ዝም ብሎ «ብላ» ብቻ አይልም። መቀበልና መተው ሁለቱም ሥጋችን ውስጥ አሉ። ኦርቶዶክሳዊ ምእመን በዓመት 180 ቀን ያህል ይጾማል፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ይህ ማለት ግማሹ ዓመት የፍስክ ነው ማለት ነው። የቀን መቁጠሪያውን የሠራው ሰው ሥጋ አይፈቀድም አላለም፤ ተራህን ጠብቅ ነው ያለው።

ይህን ስል የበዓሉን ተራ ያለ ልክ የሚወስዱትን አልደግፍም። የፋሲካ ማግስት ጤና ጣቢያችን በሆድ ሕመም ይሞላል፤ ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ የእንስሳ ቅባት ያልነካ ሆድ ላይ በአንድ ሌሊት ዶሮ፣ እንቁላል፣ ቅቤና ጠላ ይወርድበታል። የእናቴ ልማድ የተሻለ ነበር፤ ከቅዳሴ መልስ መጀመሪያ የተልባ ውኃ ታጠጣን ነበር። የእናቶችን ሕክምና የመናቅ ነገር በእኛ ሙያ ውስጥ በዝቷል።

ወደ ገዳሙ ልመለስ፤ ከሁሉም የከበደኝ ጥያቄ የሚመጣው ከዚያ ነውና። ቅዱሳን ሚዛን ጠባቂዎች አልነበሩም። አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው ሐይቅ ላይ የጸኑት ለአንድ ነገር ራሳቸውን ሙሉ በሙሉ ሰጥተው ነው። ከእርሳቸው ዘንድ የተማሩት አቡነ ተክለ ሃይማኖት በገድላቸው እንደሚነገረው እግራቸው እስኪቆረጥ በጸሎት ቆሙ፤ ከዚያም በአንድ እግር። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ስለ ሥራና ስፖርት፣ ስለ ዓሣ ጥብስ ማውራት የሰነፍ ወሬ አይደለም ወይ? ለረጅም ጊዜ አስቤበታለሁ። የደረስኩበት ይህ ነው፤ በገዳሙ ውስጥ አንዱ ሲጸልይ ሌላው እንጨት ይለቅማል፣ አንዱ ብራና ሲጽፍ ሌላው ዳቤ ይጋግራል፣ መጋቢው ስለ እህሉ ያስባል። በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. 1280 ገደማ የተጻፈው የገዳሙ ወንጌል እስካሁን አለ፤ ጸሐፊው ወር ከወር ብራና ላይ ሲያጎነብስ ያበላው ሰው ስም ግን አልተጻፈም። ሚዛኑ የአንዱ መነኩሴ አልነበረም፤ የማኅበሩ ነበር። አንዱ ከልክ በላይ እንዲሰጥ ሌሎች የቀረውን ይሸከሙለታል።

ስለ ዕረፍት ደግሞ ሐይቅ የቆየ ክርክር ውስጥ ነበረች። የገዳሙ አለቆች በነገሥታቱ ዘንድ ዐቃቤ ሰዓት የሚል ታላቅ ማዕረግ ነበራቸው። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ብለው ሲነሡ፣ እ.ኤ.አ. በ1400 ገደማ ከተቃወሟቸው ዋነኛው የሐይቁ ዐቃቤ ሰዓት ሠረቀ ብርሃን ነበሩ። ነገሩ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1450 ነው፤ ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ አስወሰኑ። ሰዎች ስለ ዕረፍት ቀን ብለው ለግዞትና ለውግዘት መድረሳቸው ለዛሬ ሰው ይገርመዋል። እኔን አይገርመኝም። ሥራ የሚቆምበትን ቀን ማን ይወስናል የሚለው ጥያቄ ሰው የማን ነው ከሚለው ጥያቄ አይለይም። እኔ ቅዳሜን ለትምህርት ሰጥቼዋለሁ፤ የኤዎስጣቴዎስ ልጆች ቢያዩኝ ያዝኑብኝ ነበር፤ ስለዚህ እሑድን ለማንም አልሰጥም። እሑድ መጽሐፍ አልገልጥም፣ ሩጫም የለም። ቅዳሴ፣ ቤተሰብ፣ ወሩ ሲደርስ ሰንበቴ፣ ሰው ከሞተ ቅሬ።

አባቴ አምባሰል ገበሬ ናቸው። ስሮጥ አንድ ጊዜ አይተውኝ «ያን ጉልበት ለኅዳር አቆየው» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ስፖርት የሚያስፈልገው እንጀራው ወንበር ላይ ለሆነ ሰው ነው። አባቴ በየቀኑ ዳገቱን ሲወጡና ሲወርዱ ደቂቃ የሚቆጥርላቸው የለም። ኅዳር ላይ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ጤፍ አጨዳ እሄዳለሁ። እግሬ የለመደውን ወገቤ አያውቀውም፤ በመጀመሪያው ቀን ማታ ቀና ማለት ያቅተኛል፤ ወንፈሉ ግን ሰው አይጠብቅም፣ እኛ የጎረቤቱን ስናጭድ ነገ ጎረቤቱ የኛን ያጭዳል። በዚያ ሰሞን ማንበብ አይታሰብም፤ አስተማሪዎቼም ይህን ያውቃሉ።

አባቴ የሰባ ሰባቱን ድርቅ አልፈዋል፤ ከዚያ በፊት የነበረውንም፣ የ1965 እና 66ቱን፣ በልጅነት ዓይናቸው አይተዋል። መሶብ ላይ የተረፈች ቁራሽ አይጥሉም፤ ልጅ ሲበላ ቁጭ ብለው ያያሉ፤ «ጨምርለት» ይላሉ። ስለ መብል ልክ የሚጻፈውን ሳነብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ የእርሳቸው ፊት ነው። ምግብ እንደ ልቡ የሚያገኝ ሰው ስለ መቀነስ ሲናገር እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ወሎ ውስጥ ደህና ገበታ ላይ መቀመጥ ምስጋና የሚገባው ነገር ነው፤ በጥፋተኝነት የሚበላ ሰው ምስጋናውን ይሰርቃል። ለዚህ ነው ታማሚዎቼን «ይህን አይብሉ» ከማለቴ በፊት ምን እንደሚወዱና ከማን ጋር እንደሚበሉ የምጠይቀው። ዘንጋዳ እንጀራ የሚወዱ አሉ፤ ከነጭ ዳቦው ሊሻል ይችላል፤ ተዉ የተባሉት ግን የድሃ ምግብ ነው ተብለው ነው።

በእኔ ቤት ሚዛን የሚባለው ነገር የሁለት ሰው ሥራ ነው። ባለቤቴ መምህርት ናት። ዲግሪዋን የጨረሰችው በክረምት ትምህርት ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር እርሷ ትሄዳለች፣ እኔ ወጥ እሠራለሁ፣ ልጆች አስተኛለሁ። ያኔ አልሮጥኩም፤ ጊዜው የእርሷ ነበርና። አሁን ተራው የእኔ ነው፤ የመመረቂያ ጥናቴን እየጻፍኩ ነው፤ ርእሱም የስኳር ሕሙማንና ጾም ነው። ሥራውንም ትምህርቱንም ስፖርቱንም አሟልቶ ይዟል የሚባል ወንድ ስሰማ ቤቱ ማን እንዳለ ለመጠየቅ እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጊዜ አንዲት ሴት አለች፤ ተራ ሳይደርሳት ዓመታት ያለፉ።

ጥናቱን በሰኔ አስረክባለሁ። ከዚያ በኋላ ምን መማር እንደምትፈልግ ባለቤቴን ጠየቅኋት፤ ሁለተኛ ዲግሪ ትለኛለች ብዬ ደሴ ያሉትን የትምህርት ክፍሎች አጠያይቄ ነበር። «ምንም አልማርም» አለችኝ፤ «ቅዳሜ እተኛለሁ። እስከ ረፋዱ ድረስ። ማንም እንዳይቀሰቅሰኝ።» ከሐምሌ ጀምሮ ቅዳሜ ጧት ልጆቹን ይዤ ከቤት የምወጣው እኔ ነኝ፤ ሩጫውን ወደ ማክሰኞና ሐሙስ አዛውሬዋለሁ።